ሰው ሠራሽ ኤሮሶሎች የአየር ንብረትን እንዴት እንደለወጡ ሞዴል ለመሥራት፦ ከልቀት መዝገብ እስከ ሙቀት መስመር

የድንጋይ ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ አይደለም። ሰልፈር ዳይኦክሳይድም አብሮ ይወጣና አየር ላይ ወደ ሰልፌት ብናኝ ይለወጣል፤ እንዲህ አየር ላይ የሚንሳፈፍ ብናኝ ኤሮሶል ይባላል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ምድርን ያሞቃል፤ ሰልፌቱ ደግሞ የፀሐይን ብርሃን ወደ ጠፈር እየመለሰና ደመናን እያነጣ ያቀዘቅዛል። አንዱ ለብዙ መቶ ዓመታት ይከማቻል፤ ሌላው በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ በዝናብ ታጥቦ ይወርዳል። ከ1850 ወዲህ የምናየው የሙቀት መስመር የሁለቱ ድምር ነው። የኤሮሶሉን ድርሻ ነጥሎ ለማውጣት ሞዴል የግድ ያስፈልጋል፤ በ1850 አየር ላይ ምን ያህል ብናኝ እንደነበረ የለካ መሣሪያ የለምና።

ይህ መመሪያ የተጻፈው አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ለሚማር፣ በሜትዮሮሎጂ ሙያ ላይ ላለ፣ ወይም ቤቱ ቁጭ ብሎ በተራ ላፕቶፕ ለሚሞክር ሰው ነው። ሱፐር ኮምፒውተር አያስፈልግም። በመጀመሪያ በኤክሴል ጭምር የሚሠራ ቀላል ሞዴል እናቆማለን፤ ከዚያ በሱፐር ኮምፒውተር የሚሮጡትን የትልልቆቹን ሞዴሎች ውጤት እንዴት ማንበብ እንደሚቻል እናያለን፤ በመጨረሻ ወደ አዲስ አበባና ወደ ክረምት ዝናባችን እንወርዳለን። ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። በ2021 የወጣው የአይፒሲሲ (የአየር ንብረት ለውጥን ሳይንስ የሚገመግመው የመንግሥታት ጉባኤ) ስድስተኛ ሪፖርት ሰው ሠራሽ ኤሮሶሎች ከ1750 እስከ 2019 ያመጡትን የጉልበት ሚዛን ለውጥ በካሬ ሜትር −1.1 ዋት ይለዋል፤ ወሰኑ ግን ከ−1.7 እስከ −0.4 ነው። ብርቱው ግምት ከደካማው አራት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ በአንድ መስመር ብቻ የሚያልቅ ሥራ አላለቀም። ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የተቀመጡት ይህ ስፋት ከየት እንደሚመጣ በእጅዎ ሠርተው እንዲያዩት ነው።

ደረጃ 1፦ መረጃውን ማሰባሰብ

ሦስት ፋይል ይበቃል። የመጀመሪያው ሴድስ የሚባለው የልቀት መዝገብ ነው። ከ1750 ጀምሮ የሰልፈር ዳይኦክሳይድን፣ የጥቁር ካርቦንን (የጥላሸትን)፣ የኦርጋኒክ ካርቦንንና የሌሎችን ልቀት በአገርና በዘርፍ ለይቶ ይዟል። ሁለት መልክ አለው፦ የአገርና የዓመት ሠንጠረዥ፣ እንዲሁም ዓለምን በ0.5 ዲግሪ ካሬዎች የከፈለ ወርኃዊ ካርታ። በሠንጠረዡ ይጀምሩ። ካርታው ብዙ ጊጋባይት ስለሆነ ለደረጃ 8 ይቆየን። ሁለተኛው ከስድስተኛው ሪፖርት ጋር የወጣው የፎርሲንግ ሠንጠረዥ ነው፤ የሙቀት አማቂ ጋዞችን፣ የእሳተ ገሞራንና የፀሐይን ድርሻ በየዓመቱ ከ1750 እስከ 2019 ይሰጣል። ሦስተኛው የታየው ሙቀት ነው፤ ከ1850 የሚጀምረው ሃድክሩት-5 ለዚህ ይሆናል።

ፎርሲንግ የምንለው አንድ ነገር በመለወጡ ምክንያት ወደ ምድር በሚገባውና ከምድር በሚወጣው ጉልበት መካከል የተፈጠረውን ልዩነት ነው። የሚለካው በዋት በካሬ ሜትር ነው። አሉታዊ ከሆነ ያቀዘቅዛል፣ አዎንታዊ ከሆነ ያሞቃል።

ትልልቅ ፋይሎችን ማታ፣ ኔትወርኩ ሲቀል፣ ከተቋረጠበት መቀጠል በሚችል ማውረጃ ያውርዱ። ሲያልቅ የፋይሉን መጠን ምንጩ ላይ ከተጻፈው ጋር ያመሳክሩ። ግማሽ የወረደ ኔትሲዲኤፍ (የአየር ንብረት ካርታዎች የሚቀመጡበት ዓይነት) ፋይል አንዳንዴ ያለ ችግር ይከፈትና የመጨረሻዎቹን ዓመታት ባዶ አድርጎ ያሳያል፤ ይህን ሳያዩ አማካይ ከወሰዱ መስመሩ መጨረሻ ላይ ያለ ምክንያት ይሰበራል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችልም እያንዳንዱን መካከለኛ ውጤት ለብቻው ፋይል አድርገው ያስቀምጡ።

ደረጃ 2፦ መለኪያዎችን ማስማማት

በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስህተቱም ራሱን አይገልጥም። ሰልፈርን አንዱ መዝገብ በሰልፈር ክብደት፣ ሌላው በሰልፈር ዳይኦክሳይድ ክብደት ይጽፈዋል። የሰልፈር አቶም ክብደት 32፣ የሰልፈር ዳይኦክሳይድ 64፣ የሰልፌት 96 ነው። ስለዚህ ከሰልፈር ወደ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ለመሄድ በ2፣ ወደ ሰልፌት በ3 ያባዛሉ። ሴድስ በሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይጽፋል፤ በ2011 ገደማ ከወጡት የልቀት መንገዶች ጋር የመጡት የቀላል ሞዴሎች ግብዓት ፋይሎች ግን በሰልፈር ናቸው። ሁለቱን ሳያስተካክሉ ቢቀጥሉ ልቀቱ መጋጠሚያው ላይ በግማሽ ይወርዳል፤ ሞዴሉም ያልነበረ ሙቀት ይፈጥራል።

ሠንጠረዡ በሺህ ቶን ስለሆነ ለ1,000 አካፍለው ወደ ሚሊዮን ቶን ያምጡት። የዓለም ድምር ከ1970ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980 አካባቢ ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ሆኖ ጫፍ ላይ ካልደረሰ፣ ከዚያም ቀስ እያለ ካልወረደ አንድ ነገር ተሳስቷል። አሜሪካና አውሮፓ የንጹሕ አየር ሕግ አውጥተው ከ1980 ወዲህ ሲቀንሱ የቻይና እየጨመረ ሄዶ ነበር፤ እርሱም ከ2000ዎቹ አጋማሽ በኋላ በፍጥነት ወርዷል። የሁለቱ መደራረብ የዓለሙን መስመር ሁለት ጉብታ ያለው ያስመስለዋል። ጉብታዎቹን በዓይንዎ ካዩ መረጃዎ ጤነኛ ነው።

ደረጃ 3፦ ልቀቱን ወደ ፎርሲንግ መለወጥ

ብናኙ በሳምንት ውስጥ ስለሚወርድ የዘንድሮው ፎርሲንግ የዘንድሮውን ልቀት ይከተላል። ያለፉትን ዓመታት ልቀት መደመር አያስፈልግም። ልቀቱ ከቆመ ማቀዝቀዙም ወዲያው ይቆማል፤ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ያለው ትልቁ ልዩነት ይህ ነው።

ብናኙ የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው። በቀጥታ ብርሃን ይበትናል፤ ይህ ከልቀቱ ጋር እኩል ያድጋል። በተዘዋዋሪ ደግሞ የደመና ጠብታዎች መፈጠሪያ ፍሬ ይሆናል። ያው የውሃ መጠን በብዙ ጥቃቅን ጠብታዎች ላይ ሲከፋፈል ደመናው ይነጣል፣ ብርሃን የመመለስ አቅሙም ይጨምራል። ይህ ሁለተኛው መንገድ እኩል አያድግም። ጨው የሌለው ወጥ ላይ የመጀመሪያው ቁንጥር ጎልቶ ይታወቃል፤ አሥረኛው ግን ብዙም አይለይም። ደመናም እንዲሁ ነው፤ ንጹሕ አየር ላይ የገባ ትንሽ ብናኝ ብዙ ይለውጣል፣ የቆሸሸ አየር ላይ የገባው ግን ጥቂት። ለዚህ ነው ሎጋሪዝም የምንጠቀመው፦

ኃ = −ሀ × ል − ለ × ሎን (1 + ል ÷ ተ)

ኃ ፎርሲንጉ፣ ል የዓመቱ የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ልቀት በሚሊዮን ቶን፣ ተ ከተፈጥሮ የሚመጣው ዳራ ነው። ለተ 60 ሚሊዮን ቶን ይውሰዱ። ሎን የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ነው። ሀ እና ለ የምንመርጣቸው ቁጥሮች ናቸው፤ ስድስተኛው ሪፖርት ለ2019 ከሰጣቸው ከ−0.22 ቀጥተኛና ከ−0.84 የደመና ድርሻ ጋር እንዲገጥሙ ይስተካከላሉ። ስሌቱ እንዲቀል ልቀቱን 100 ብንል ሀ = 0.0022፣ ለ = 0.86 ይሆናል። በእውነተኛው ሥራ ግን የ2019ን ልቀት ከፋይልዎ አንብበው ሁለቱን ቁጥሮች እንደገና ይፍቱ።

ቀመሩን ትክክል ማስገባትዎን በእነዚህ ያረጋግጡ፦ ልቀት 20 ሲሆን ኃ = −0.29፤ 50 ሲሆን −0.63፤ 100 ሲሆን −1.06፤ 130 ሲሆን −1.28። መልስዎ በጣም ካነሰ የሎጋሪዝሙን ዓይነት ይመርምሩ። ኤክሴል ውስጥ ሎግ ብለው ቢጽፉ በ10 መሠረት ያሰላል፤ የደመናው ድርሻም በ2.3 እጥፍ ያንሳል። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ግን ያው ቃል የተፈጥሮውን ይሰጣል። ከአንዱ ወደ ሌላው ቀመር ሲገለብጡ ይህ ያመልጣል።

አሁን ቀጥታ መስመር ቢሆን ኖሮ ምን ይመጣ እንደነበር ያስተያዩ። በ100 ላይ −1.06 የሚሰጥ ቀጥታ መስመር በ130 ላይ −1.38 ይሰጣል። ስለዚህ ልቀቱ ከ130 ወደ 100 ሲወርድ ቀጥታው መስመር 0.32 ዋት ሙቀት ይመልሳል፤ የሎጋሪዝሙ ግን 0.21 ብቻ። የዛሬው ዋጋ አንድ ሆኖ ሳለ ከ1980 ወዲህ ያለው ታሪክ በአንድ ሦስተኛ ተለያየ ማለት ነው። በሌላው ጫፍ ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያዎቹ 20 ሚሊዮን ቶኖች በሎጋሪዝሙ −0.29፣ በቀጥታው −0.21 ይሰጣሉ። ሁለቱንም ያስሉ፣ ሁለቱንም በአንድ ግራፍ ላይ ያስቀምጡ። የቀመሩ ቅርጽ ከቁጥሮቹ እኩል ውሳኔ መሆኑን የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ጥቁር ካርቦንና ኦርጋኒክ ካርቦን ለመጨመር ከፈለጉ (ቢጨምሩም መልካም ነው) በቀጥተኛው ክፍል ላይ ጥቁር ካርቦን አዎንታዊ ምልክት ይኖረዋል፤ ብርሃን ይውጣልና ያሞቃል። ኦርጋኒኩ አሉታዊ ነው። በሎጋሪዝሙ ውስጥ ሁለቱም ከሰልፈሩ ጎን ይደመራሉ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፦ ማገዶ በ1750ም ይነድ ስለነበር የእነዚህ ልቀት መነሻው ላይ ዜሮ አይደለም። የ1750ን ኃ አስልተው ከሁሉም ዓመታት ይቀንሱ፤ አለበለዚያ መስመሩ በሙሉ ወደ ታች ይንሸራተታል። ደግሞም ሎጋሪዝም ስላለ የሰልፈርና የካርቦን ድርሻ ለየብቻ ቢሰላ ድምሩ ከጠቅላላው ጋር አይገጥምም። ይህ ስህተት አይደለም፤ ደመናውን የሚጋሩት በመሆናቸው ነው።

ደረጃ 4፦ ፎርሲንጉን ወደ ሙቀት መለወጥ

ባለ ሁለት ሣጥን ሞዴል ይበቃል። የላይኛው ሣጥን አየሩንና የውቅያኖሱን ላይኛ ክፍል ይይዛል፤ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ይቀዘቅዛል። የታችኛው ጥልቁ ውቅያኖስ ነው፤ መቶ ዓመታት ይወስዳል። በየዓመቱ እንዲህ ያሰላሉ፦

አዲስ ሙ = ሙ + (ኃ − 1.13 × ሙ − 0.73 × (ሙ − ጥ)) ÷ 7.3

አዲስ ጥ = ጥ + 0.73 × (ሙ − ጥ) ÷ 106

ሙ የላይኛው፣ ጥ የታችኛው ሣጥን የሙቀት ለውጥ ነው። 1.13 ምድር በአንድ ዲግሪ ስትሞቅ ምን ያህል ተጨማሪ ጉልበት ወደ ጠፈር እንደምትለቅ፣ 0.73 ደግሞ ወደ ጥልቁ የሚወርደውን ይለካል። 7.3 እና 106 የሁለቱ ሣጥኖች ሙቀት የመያዝ አቅም ናቸው። እነዚህ አራቱ የአምስተኛው ትውልድ (ሲኤምአይፒ-5) ትልልቅ ሞዴሎች አማካይ ናቸው።

ለሙከራ ኃን −1.06 አድርገው ከዜሮ ያስነሱት። ከአንድ ዓመት በኋላ ሙ = −0.145፣ ከሁለት ዓመት በኋላ −0.253 መሆን አለበት። በአሥር ዓመት −0.55 አካባቢ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጥልቁ እየጎተተው በዝግታ ወደ −0.94 ያመራል። በሁለቱም ቀመሮች በቀኝ በኩል ያሉት ሙ እና ጥ ያለፈው ዓመት መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ ኤክሴል ላይ የአንዱን ረድፍ አዲስ ሙ ለዚያው ረድፍ ጥ ማስገባት የተለመደ መንሸራተት ነው።

ዕርምጃውን ከአንድ ዓመት አያስረዝሙ። በአምስት ዓመት ዕርምጃ መስመሩ ይወዛወዛል፤ በአሥር ዓመት ደግሞ ጨርሶ ይፈነዳል፣ ምክንያቱም 10 × (1.13 + 0.73) ÷ 7.3 ከ2 ይበልጣል። እንደ ፒናቱቦ ያለውን፣ በሰኔ 1991 ፈንድቶ የዓለምን አማካይ ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ገደማ ያወረደውን እሳተ ገሞራ በደንብ ለማየት ወርኃዊ ዕርምጃ ይጠቀሙ፤ የሚጨመረውን በሙሉ ለ12 ያካፍሉ። እሳተ ገሞራ ሰው ሠራሽ ስላልሆነ ከልቀቱ ጋር አይደመርም፤ በ2011 የፈነዳው ጎረቤታችን ናብሮም እንዲሁ። ይሁን እንጂ ውጤቱን ከታየው ሙቀት ጋር ሲያስተያዩ በራሱ ዓምድ መግባት አለበት።

ደረጃ 5፦ ሁለት ጊዜ ማሮጥ

ሞዴሉን አንዴ ሁሉንም ፎርሲንግ (የጋዞቹን፣ የእሳተ ገሞራውን፣ የፀሐይንና የኤሮሶሉን) ደምረው፣ አንዴ ደግሞ ኤሮሶሉን ብቻ ዜሮ አድርገው ያሮጡ። የሁለቱ ልዩነት የኤሮሶል ድርሻ ነው። ፎርሲንጉ የሚለካው ከ1750፣ የታየው ሙቀት ግን ብዙውን ጊዜ ከ1850–1900 አማካይ ስለሆነ ከሁለቱም መስመሮች የዚያን ዘመን አማካይ ይቀንሱ። ድርሻው ለ2010–2019 ከ0.0 እስከ 0.8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ ካልወደቀ ወደ ደረጃ 2 ይመለሱ፤ ይህ ስድስተኛው ሪፖርት ከሙቀት አማቂ ጋዞች ውጭ ላሉት፣ በዋነኛነት ኤሮሶል ለሆኑት የሰው ተጽዕኖዎች የሰጠው ወሰን ነው።

መስመሩ ምን መምሰል አለበት? ከ1950 እስከ 1980 የኤሮሶሉ ቅዝቃዜ እየጠለቀ የሙቀት መጨመሩን ሊያስቆመው ይቃረባል። ከዚያ በኋላ ቅዝቃዜው መጥለቁን ያቆማል፣ የጋዞቹ ሙቀትም ተገልጦ ይወጣል። በመሬት ላይ የተለካው የፀሐይ ብርሃንም በብዙ አገሮች ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ቀንሶ ከዚያ በአውሮፓ ማገገሙ ይህንኑ ይደግፋል።

ደረጃ 6፦ ስፋቱን ማግኘት

የሥራው እምብርት ይህ ነው። ያው የታየ ሙቀት በሁለት መንገድ ሊገኝ ይችላል፦ ደካማ ኤሮሶልና ቶሎ የማትሞቅ ምድር፣ ወይም ብርቱ ኤሮሶልና ቶሎ የምትሞቅ ምድር። በቁጥር እንየው። በ2019 የሰው ጠቅላላ ፎርሲንግ 2.72 ነው፤ ኤሮሶሉ −1.06 ከሆነ ቀሪው 3.78 ማለት ነው። ምድር አሁን የምታከማቸው ጉልበት በ2006–2018 በካሬ ሜትር 0.79 ዋት፣ የታየው ሙቀት በ2011–2020 1.09 ዲግሪ ነው። ኤሮሶሉ −0.6 ቢሆን፣ (3.78 − 0.6 − 0.79) ÷ 1.09 = 2.19። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በእጥፍ ሲጨምር የሚያመጣው ፎርሲንግ 3.93 ስለሆነ ምድር በመጨረሻ የምትሞቀው 1.8 ዲግሪ ይሆናል። ኤሮሶሉ −1.6 ቢሆን ግን ያው ስሌት 3.1 ዲግሪ ይሰጣል። ዓመታቱ በትክክል ስለማይገጥሙ ግምታዊ ነው፤ መልእክቱ ግን ግልጽ ነው፦ ያለፈው ሙቀት ብቻውን ሁለቱን አይለይም።

ስለዚህ በደረጃ 4 ያየነውን 1.13ን (ግብረ-መልስ የምንለውን) እና የኤሮሶሉን ጥንካሬ አብረው ይለዋውጡ። በኤክሴል ለሚሠራ ዘጠኝ ሩጫ ይበቃል፦ ኤሮሶል −0.4፣ −1.1፣ −1.7፤ ግብረ-መልስ 0.8፣ 1.13፣ 1.6። ፓይተን ላይ ግን ሀን፣ ለን፣ ተን፣ ግብረ-መልሱንና 0.73ን በዘፈቀደ እየመረጡ ቢያንስ አንድ ሺህ ጊዜ ያሮጡ፤ ላፕቶፕ ላይ ከቡና አፍልቶ መጠጫ ጊዜ እጅግ ያነሰ ነው። ከዚያ ሦስት ወንፊት ይጠቀሙ፦ የ2011–2020 ሙቀት ከ0.95 እስከ 1.20 ውስጥ ይሁን፤ የ2006–2018 የጉልበት ክምችት፣ ማለትም ኃ − ግብረ-መልስ × ሙ፣ ከ0.52 እስከ 1.06 ውስጥ ይሁን፤ ከ1950 እስከ 1980 ያለው ዝንባሌም ከታየው ጋር ይቀራረብ። ሦስተኛው ወንፊት ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ ብርቱ ኤሮሶል ያላቸውን ሩጫዎች የሚጥለው ግን በዋናነት እርሱ ነው፣ የ20ኛውን ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከታየው በላይ ያቀዘቅዛሉና።

ወንፊቶቹን ካለፉት ሩጫዎች 5ኛውንና 95ኛውን መቶኛ በየዓመቱ ወስደው እንደ ጥላ ይሳሉ። መካከለኛው መስመር ቀጭን፣ ጥላው ጎልቶ ይታይ።

ቀላሉ ሞዴል የማያየውም አለ። ልቀቱን በዓለም ድምር ስለሚያውቅ የት እንደወጣ አይለይም። ከጥር 2020 ጀምሮ የመርከብ ነዳጅ የሰልፈር መጠን ከ3.5 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ ሲወርድ ከድምሩ የተቀነሰው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን የመርከቦቹ ጭስ የሚገባው ንጹሕ ውቅያኖስ ላይ ያለ ዝቅተኛ ደመና ውስጥ ነው፣ እርሱም በብናኝ ከሁሉ ይበልጥ የሚለወጥ ደመና ነው። ቀመራችን ይህን ለውጥ አሳንሶ ያሳያል።

ደረጃ 7፦ የትልልቆቹን ሞዴሎች ውጤት ማንበብ

ቦታን ለማየት ከስድስተኛው ትውልድ (ሲኤምአይፒ-6) ሞዴሎች ሁለት ዓይነት ሙከራ ያውርዱ። አንዱ ውቅያኖሱ ሳይለወጥ ኤሮሶሉ ብቻ ወደ ዘመኑ መጠን የሚለወጥበት የ30 ዓመት ሩጫ ነው፤ ፎርሲንግ ከዚህ ይወጣል። ከፀሐይ የሚገባውን ወስደው የሚመለሰውን ብርሃንና የሚወጣውን ሙቀት ይቀንሱ፣ የ30 ዓመት አማካይ ይውሰዱ፣ ከመነሻው ሩጫ ያስተያዩ። በ30 ዓመት ርዝመት እንኳ 0.1 ዋት ያህል መዋዠቅ ይቀራል፤ ከዚያ በታች ያለ ልዩነት ላይ ትርጉም አይገንቡ። አማካዩን በኬክሮስ ኮሳይን ይመዝኑ፤ ይህ ከተረሳ ዋልታዎቹ ከድርሻቸው በላይ ይቆጠራሉ።

ሌላው ‹ሂስት-ኤር› የሚባለው ነው፤ ከ1850 ጀምሮ ኤሮሶል ብቻ ይለወጣል፣ ሌላው ሁሉ ባለበት ይቆያል። አንድ ሩጫ የራሱ የተፈጥሮ መዋዠቅ ስላለበት ብቻውን አይታመንም። መጀመሪያ የእያንዳንዱን ሞዴል ሩጫዎች አማካይ ለብቻ፣ ከዚያ የሞዴሎቹን አማካይ ይውሰዱ፤ ሁሉንም በአንድ ላይ ከጨፈለቁ ብዙ ሩጫ ያለው ሞዴል ሌሎቹን ይውጣቸዋል።

ደረጃ 8፦ አዲስ አበባ ላይ ማተኮር

የልቀት ካርታውን ሲከፍቱ የከተማችን መሃል መስመር ላይ እንደሚውል ያስተውሉ። መስቀል አደባባይ 9.01 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው፤ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 8.98 ላይ። ካሬዎቹ በ9.0 ስለሚከፈሉ አራት ኪሎና ፒያሳ በአንዱ ካሬ፣ ቦሌ፣ ቃሊቲና አቃቂ በሌላው ውስጥ ናቸው። አንዱን ብቻ ከወሰዱ ወይ ኢንዱስትሪውን ወይ መሃል ከተማውን ያጣሉ። ሁለቱንም ይውሰዱ።

ካርታው የሚጽፈው በኪሎ ግራም በካሬ ሜትር በሰከንድ ነው። የሰሜኑ ካሬ ስፋት 3,050 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ልቀቱ ከኪሎ ግራም አንድ መቶ ቢሊዮንኛ ቢሆን፣ በ3,050,000,000 ካሬ ሜትርና በዓመቱ 31,536,000 ሰከንድ ሲባዛ 962 ቶን ገደማ ይመጣል። በወር ሲሠሩ የየወሩን ቀናት ይቁጠሩ፤ ሁሉንም ወር 30 ቀን ማድረግ በኛ አቆጣጠር ልማድ ቢሆንም እዚህ አምስት ቀን ያስጎድላል። የከተማው ስፋት 527 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሆነ ካሬው ከተማውን ስድስት ጊዜ ሊይዝ ጥቂት ይቀረዋል፤ የሚያሳየው የሸገርን አየር ሳይሆን የአካባቢውን አማካይ ነው። በተጨማሪ መዝገቡ ለአገራችን በነዳጅና በማገዶ ፍጆታ ግምት የተሠራ እንጂ በመሣሪያ የተለካ አይደለም።

የትልልቆቹን ሞዴሎች የከፍታ ደረጃ ሲመርጡም ልብ ይበሉ። የ850 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ) ደረጃ ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ። እዚያ ደረጃ ላይ ያለው የከተማችን ቁጥር ከመሬት በታች የተሰላ ነው። ከ700 ይጀምሩ።

በከተማው ውስጥ የተለካ የብናኝ መረጃ ካለዎት ለፎርሲንግ ማረጋገጫ አያድርጉት። ኅዳር 12 ቀን፣ ኅዳር ሲታጠን፣ መለኪያው ሰማይ ይነካል፤ በዓለም ሚዛን ላይ ግን ምንም አይታይም። በበጋ ማለዳ ጭሱ ቀዝቃዛ አየር ሥር ታፍኖ ሲውልም እንዲሁ ነው። ለሳንባ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ለዚህ ሞዴል ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ደረጃ 9፦ ወደ ክረምት ዝናብ መሄድ

የሰልፈሩ አብዛኛው የወጣው ከምድር ወገብ በስተሰሜን ነው፤ ስለዚህ ሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ከደቡቡ ይበልጥ ቀዘቀዘ። የሐሩር ዝናብ ቀበቶ ደግሞ ወደ ሞቀው ወገን ያዘነብላል። ‹ሂስት-ኤር› ላይ የሰሜኑን ንፍቀ ክበብ ሙቀት ከደቡቡ ቀንሰው ከ1850 ጀምሮ ይሳሉ፤ ከሥሩ የሳህልን፣ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ሰሜን ያለውን፣ ከዚያም የሰሜን ኢትዮጵያን የሰኔ–መስከረም ዝናብ ያስቀምጡ። ሞዴሎቹ ከ1950 እስከ 1980ዎቹ ቀበቶውን ወደ ደቡብ ይገፋሉ፤ መጠኑ ላይ ግን ብዙ ይለያያሉ፣ የአትላንቲክ የራሱ መዋዠቅም አብሮ አለበት። ለኢትዮጵያ ያለው ምልክት ከምዕራብ ሳህል የደከመ ነው፤ ደጋው ምድር በሞዴሎቹ ካሬ ውስጥ ተስተካክሎ ስለሚጠፋ የአንድን ካሬ ዝናብ ብቻውን አይመኑ።

አቆጣጠሩ እዚህ ይጠላለፋል። የኛ ዓመት የሚያልቀው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ስለዚህ በ1984 የጠፋው ክረምት የ1976 ዓ.ም. ክረምት ሲሆን ረሃቡ የምናውቀው በ1977 ዓ.ም. ነው። ከጥር እስከ ታኅሣሥ የተደመረውን የሞዴል ዝናብ በቀጥታ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ቀንሶ ከአገር ውስጥ መዝገብ ጋር ማስተያየት መስመሩን በአንድ ክረምት ያዛንፈዋል። ሁለቱንም መዝገብ ወደ ወር ይበትኑ፣ ሰኔን፣ ሐምሌን፣ ነሐሴንና መስከረምን በአውሮፓውያን ዓመት ሰብስበው ያስተያዩ። የ1966ን እና የ1977ን ዓ.ም. ድርቅ በግራፉ ላይ ሲያመለክቱ ሞዴሉ የሚናገረው ስለ ዝናቡ ዝንባሌ ብቻ መሆኑን ግርጌው ላይ ይጻፉ፤ ጦርነቱ፣ የመንግሥታቱ ዝምታና የእህሉ አለመድረስ በዚህ ስሌት ውስጥ የሉም።